ልጁ ለምን አላለቀሰም? ወጣት ጥፋተኞችና የሳይኮፓቲ ምርመራ

አንድ ልጅ ሰው ወግቶ ሲያዝ መንደሩ መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ነው። አለቀሰ? ደነገጠ? አንገቱን ደፋ? ካለቀሰ «ሰይጣን አሳስቶት ነው» ይባልለታል። ካላለቀሰ ግን አለቀለት። «ዓይኑን በጨው ያጠበ!» ትላለች አንዷ እናት። «ሳይኮ ነው እኮ» ይላል አንዱ ጎረምሳ። እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያንም ሆነ ገንደ ቆሬ፣ ልጁ ፖሊስ ጣቢያ ሳይደርስ ፍርዱ ተሰጥቶ ያልቃል።

ጥያቄው ግን የመንደር ብቻ አይደለም። ዳኛም፣ ወላጅም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያም ይጠይቀዋል። ይህ ልጅ በልጅነቱ ተሳስቶ ነው ወይስ የሰው ስቃይ የማይሰማው ሆኖ ነው? ነገስ ይደግመዋል? ይህን ለመመለስ የተሠሩ መመዘኛዎች አሉ። ጥሩ ባለሙያ እጅ ሲገቡ ይጠቅማሉ። በችኮላ ከተያዙ ደግሞ የአንድን ልጅ ሕይወት ያበላሻሉ። ስለዚህ እንዴት እንደሚሠሩ ብናውቅ ደስ ይለኛል፤ በተለይ ልጁ ችሎት የቆመበት ወላጅ ቢያውቅ።

ከአዋቂዎቹ እንጀምር። ሳይኮፓቲ እብደት አይደለም። ሰውየው በጆሮው የሌለ ድምፅ አይሰማም፤ አይቃዥም። የሚያደርገውን አሳምሮ ያውቃል። የጎደለው ጸጸትና ርኅራኄ ነው። ምላሱ ይጣፍጣል፣ ሳያፍር ይዋሻል፣ ሰውን መጠቀሚያ ያደርጋል፣ ከቅጣት አይማርም። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ኸርቪ ክሌክሊ እ.ኤ.አ. በ1941 ይህን ባሕርይ በዝርዝር ጻፈው። በኋላ ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት ሄር እስረኞችን ሲያጠና ቆይቶ መመዘኛ አወጣለት። መመዘኛው 20 መስፈርቶች አሉት። እያንዳንዱ 0፣ 1 ወይም 2 ይሰጠዋል። ሲደመር እስከ 40 ይደርሳል። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ 30 እና ከዚያ በላይ ያመጣ አዋቂ ሳይኮፓት ተብሎ ይመደባል።

እ.ኤ.አ. በ2003 አዴል ፎርዝ፣ ዴቪድ ኮሰንና ሄር ራሱ የወጣቶችን መመዘኛ አሳተሙ። ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። እሱም 20 መስፈርቶች አሉት፤ ድምሩም እስከ 40 ይደርሳል። አንዳንዱ መስፈርት ግን ለልጅ እንዲስማማ ተለውጧል። ለምሳሌ የአዋቂው መመዘኛ ስለ ብዙ አጫጭር ትዳሮች ይጠይቃል፤ የ14 ዓመት ልጅን ይህን መጠየቅ ትርጉም የለውም። ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ግን ሌላ ነው። የወጣቶቹ መመዘኛ መቁረጫ ነጥብ የለውም። «ከዚህ በላይ ያመጣ ልጅ ሳይኮፓት ነው» የሚል መስመር አዘጋጆቹ አላሰመሩም። ይህንን አደራ ልብ በሉልኝ። «ልጃችሁ 31 አምጥቷል፤ ስለዚህ ሳይኮፓት ነው» የሚል ሪፖርት ካያችሁ፣ ጸሐፊው መመዘኛው ያላለውን ነው የጻፈው።

ሐኪሞቹም ቢሆኑ በዚህ ጥንቁቆች ናቸው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ፀረ ማኅበራዊ ስብዕና የሚባለውን ምርመራ 18 ዓመት ላልሞላው ሰው መስጠት አይፈቅድም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው 5ኛ እትም ግን አንድ ነገር ጨመረ። ከባድ የጠባይ ችግር ያለበት ልጅ ላይ አራት ምልክቶች እንዲታዩ አደረገ። እነሱም አለመጸጸት፣ ለሌላው ስሜት ግድ ማጣት፣ ለትምህርቱም ለሥራውም ደንታ ቢስ መሆን፣ እና የለበጣ ስሜት ናቸው። ከአራቱ ቢያንስ ሁለቱ፣ ቢያንስ ለ12 ወር፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታና ከአንድ በላይ ከሆነ ሰው ጋር መታየት አለባቸው። ቤት ውስጥ ከእንጀራ አባቱ ጋር ብቻ ድንጋይ የሚሆን ልጅ አይቆጠርም። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ለሦስት ቀን ድንጋይ የሆነማ ጭራሽ አይቆጠርም።

ለምን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ? ጉርምስና ራሱ ግማሹን ምልክት ስለሚያሳይ ነው። እኔን የሚያክል የለም ማለት፣ አደጋ መውደድ፣ ሳያስቡ መግባት፣ ጥፋትን በሌላው ማላከክ፣ ስለ ነገ አለማሰብ... ይህን ያላየ የጎረምሳ ወላጅ አለ? ለማመዛዘንና ራስን ለመግታት የሚያገለግለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ብስለቱን የሚጨርሰው በ20ዎቹ አጋማሽ ነው። ተመራማሪዋ ቴሪ ሞፊት እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣችው ጽሑፍ ይህንን በደንብ ያስረዳል። ሕግ ከሚጥሱ ጎረምሶች ብዙዎቹ በጉርምስና ጀምረው ከጉርምስና ጋር የሚያቆሙ ናቸው። ጥቂቶቹ ብቻ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አስቸጋሪ ሆነው እስከ አዋቂነት ይዘልቃሉ። ችግሩ በ15 ዓመታቸው ሁለቱ አንድ ዓይነት መምሰላቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ በ13 ዓመታቸው ተመዝነው በ24 ዓመታቸው ድጋሚ የታዩ ልጆችም ነበሩ። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ዝምድና አለ፤ ግን ጠንካራ አይደለም። በልጅነታቸው ከፍተኛ ነጥብ ካመጡት ውስጥ አብዛኞቹ አድገው ሳይኮፓት አልሆኑም።

ክፍሉ ውስጥ ምን ይሆናል?

እስቲ አንድ ቃለ መጠይቅ ጠጋ ብለን እንየው። ልጁ የምናብ ነው፤ ታሪኩ ግን ድሬን ለሚያውቅ እንግዳ አይደለም። 16 ዓመቱ ነው። አሸዋ ገበያ ዕቃ ይሸከማል። ጠብ ውስጥ ገብቶ እኩያውን በጩቤ ወጋው። የተወጋው ተርፏል። ልጁ በዋስ ወጥቶ አክስቱ ቤት ነው። አሁን ባለሙያዋ ፊት ተቀምጧል።

«የወጋኸው ልጅ አሁን እንዴት ያለ ይመስልሃል?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«አታስበውም?»

«አላስበውም።»

ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ድምፁ አይወጣም፣ አይወርድም። የቸኮለ ሰው እዚህ ላይ «ጸጸት የለውም» ብሎ 2 ይጽፋል። እሷ ግን ወሬ ትቀይራለች። ስለ ሥራው ትጠይቀዋለች። ስንት ኩንታል በቀን እንደሚሸከም፣ ምሳውን የት እንደሚበላ።

«እዚያው ገበያ ውስጥ፣ እትዬ ጋ ነበር።»

«እትዬ ማን ናቸው?»

ዝም አለ። ጣቱን ሲያፍተለትል ቆየ።

«የሱ እናት» አለ። «ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል አልፌ አላውቅም።»

አሁን ነገሩ ተለወጠ። በዚያ በኩል የማያልፈው አፍሮ ይሆናል። የተወጋውን ልጅ ወንድሞች ፈርቶም ይሆናል። ባለሙያዋ ገና አላወቀችም፤ ግን የምትጠይቀውን አግኝታለች። አክስቱን ታነጋግራለች፤ ሌሊት ይተኛል? ይበላል? የሚያሠራውን ሰው ትጠይቃለች፤ ከዚህ በፊት ሰው መትቶ ያውቃል? ከመታስ በኋላ ምን ይሆናል? ትምህርት ቤት ከነበረ አስተማሪውን ትፈልጋለች።

ተቃራኒውም አለ። እግር ላይ ወድቆ የሚያለቅስ፣ «በእናታችሁ ማሩኝ» የሚል፣ አንጀት የሚበላ ልጅ። ትንሽ ቆይቶ ስለተጎዳው ልጅ ሲጠየቅ «እሱ ነዋ የፈለገኝ» ይላል። ለቅሶው ስለራሱ ነበር። ባለሙያ የሚፈልገው እንባውን አይደለም፤ ልጁ የሌላውን ሰው ጉዳት ያስታውሳል ወይ የሚለውን ነው። ለዚህ ነው ዕንባ ለማንም ማስረጃ የማይሆነው፤ ለሚያዝኑለትም ለሚፈርዱበትም።

የወጣቶቹ መመዘኛ ሲሞላ ቃለ መጠይቁ ብቻውን አይበቃም። ከሌላ ወገን የተገኘ መረጃ የግድ ያስፈልጋል፤ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የፖሊስ መዝገብ፣ የቤተሰብ ቃል። መመዘኛው በተሠራበት አገር ይህ ሁሉ በፋይል ተሰድሮ ይገኛል። እኛ ጋ ትምህርት አቋርጦ ከገጠር የመጣ ልጅ መዝገቡ ሰው ነው። አብረውት ያደጉት፣ ያሳደሩት፣ ያበሉት፣ ሥራ የሰጡት ሰዎች ናቸው። እነሱን ፍለጋ እግርን ማንሳት ያስፈልጋል። ያ ካልሆነ መመዘኛውን ጭራሽ አለመሙላት ይሻላል፤ በግማሽ መረጃ የተሞላ ቁጥር ቁጥር መስሎ የቀረበ ግምት ነው።

ከዚህ በላይ እኛን ብቻ የሚመለከቱ ጣጣዎች አሉ።

አንዱ ቋንቋ ነው። ድሬ ውስጥ አንድ ልጅ ቤቱ በኦሮምኛ፣ ሰፈሩ በሶማሊኛ፣ ችሎቱ በአማርኛ ሊሆን ይችላል። ሰው ኋላ በለመደው ቋንቋ ስለ ስሜቱ ሲናገር ቃሉ ይደርቃል፣ ያጥራል። «አዝኛለሁ» የሚለውን ያውቀዋል፤ እንዴት እንዳዘነ ግን በዚያ ቋንቋ ተናግሮት አያውቅም። ያ ድርቀት «የለበጣ ስሜት» ተብሎ እንዳይመዘገብበት ልጁ በአፍ መፍቻው መጠየቅ አለበት። ዘመድ እንዲያስተረጉም ማድረግም መፍትሔ አይደለም፤ አጎቱ ባለበት ልጁ የሚለው ሌላ ነው።

ሁለተኛው ሥርዓት ነው። ልጅ ታላቅ ሰው ፊት ዓይኑን ይሰብራል፤ ሲናገሩት ይሰማል እንጂ አያብራራም። እንዲህ ነው ያሳደግነው። ፈረንጅ ባወጣው ቅጽ ላይ ዓይን አለማየት መደበቅ፣ ዝምታም ግድ ማጣት ሊመስል ይችላል። መመዘኛዎቹ በብዛት የተፈተኑት ሰሜን አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ነው። የድሬን ልጅ ነጥብ ስታነቡ ያለእሱ ፈቃድ ከካናዳ ልጅ ጋር እያወዳደራችሁት መሆኑን አስቡ።

ሦስተኛው ጫትና ማስቲሽ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ በዚያ ሙቀት፣ ሐራራ የያዘው ልጅ ፊታችሁ ቢቀመጥ ምን ታያላችሁ? ይነጫነጫል፣ ያንቀላፋል፣ ለምንም ነገር ግድ የለውም። በምርቃና ከመጣ ደግሞ ወሬኛና ትልቅ ሰው ነኝ ባይ ይሆናል። ማስቲሽ ሲስብ የኖረ ልጅ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል። ሦስቱም ከመመዘኛው ነጥቦች ጋር ይመሳሰላሉ፤ ሳይኮፓቲ ግን አይደሉም። ምርመራው ልጁ ከዚህ ነገር ርቆ ጥቂት ከቆየ በኋላ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ በተደረገ ቀጠሮ ቢሆን እመርጣለሁ።

ከፍተኛ ነጥብ ሁሉ አንድ አይደለም

እንበልና ሁሉም በጥንቃቄ ተሠርቶ ነጥቡ ከፍ ብሎ ተገኘ። ያኔም ሥራው አላለቀም። እዚህ ከተማ ሰው ሲያተኩሰው ቴርሞሜትሩ 39 ይላል፤ ወባ ይሁን ደንጊ ይሁን ታይፎይድ ግን አይነግራችሁም። ይሄም እንደዚያው ነው። ተመራማሪዎች ወደ ተመሳሳይ ነጥብ የሚያደርሱ ቢያንስ ሁለት መንገዶች እንዳሉ ካስተዋሉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።

በአንደኛው መንገድ የመጣ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፍርሃት አያውቅም። ሌላው ሕፃን ሲያለቅስ አይረበሽም። ቁጣም ቅጣትም አይነካውም። ለዚህ ተፈጥሮ ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው የመንትዮች ጥናቶች አሳይተዋል።

ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ እንደማንኛውም ልጅ ነበር። ከዚያ ተደበደበ፣ ተጣለ፣ ሲደፈር ወይም ሰው ሲገደል አየ፣ ጎዳና ላይ አደረ። ስሜቱን ይዞ መኖር ስላልቻለ ዘጋው። ውስጡ ግን ጭንቀትና ቁጣ ሞልቶታል። ሌሊት ይቃዣል፤ ከኋላው ሰው ሲመጣ ይደነግጣል። ቶሎ ይፈነዳል። ከውጭ ሲያዩት ሁለቱም «ልበ ደንዳና» ናቸው። የሚያስፈልጋቸው ግን የተለያየ ነው። ሁለተኛው መጀመሪያ የሚፈልገው ደኅንነትና ለደረሰበት ነገር ሕክምና ነው። ስለዚህ ጥሩ ሪፖርት ስለ ጭንቀት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለደረሰበት በደል የተለየ ክፍል ይኖረዋል። ነጥብ ብቻ ጽፎ የጨረሰ ሪፖርት ለዳኛው ያቀበለው ትኩሳቱን ብቻ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ከሚያስበው የተሻለ ነው። 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ደግሞ የሚታየው ለወጣቶች በተደነገጉት ልዩ እርምጃዎች ነው፤ ሕክምና፣ በቅርብ ክትትል ማስተማር፣ ተግሣጽ፣ ወደ ጠባይ ማረሚያ መላክና የመሳሰሉት። ከ15 እስከ 18 ያለው በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል፤ ግን ዳኛው ዕድሜውን፣ ብስለቱንና የመታረም ዕድሉን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። 18 ያልሞላው የሞት ቅጣት አይፈረድበትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 በማረሚያ ያሉ ልጆች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዝዛል።

ለእኛ ርዕስ ዋናው አንቀጽ 54 ነው። ፍርድ ቤቱ ስለ ልጁ ጠባይ፣ አስተዳደግና ኑሮ ከወላጅም ከትምህርት ቤትም መረጃ ሊጠይቅ፣ የሕክምናና የማኅበራዊ ሁኔታ ሪፖርት ሊያስቀርብ፣ ልጁ ለክትትል ተስማሚ ቦታ እንዲቆይም ሊያዝዝ ይችላል። ባለሙያውን የልጁ የአካልና የአእምሮ ሁኔታ ምን እንደሆነ፣ የትኛው የሕክምና፣ የትምህርት ወይም የጥበቃ እርምጃ እንደሚስማማውም ይጠይቃል። ጥያቄው «ይህ ልጅ ምን ዓይነት ፍጡር ነው?» አይደለም። «ምን እናድርግለት?» ነው። ጠበቆችም ወላጆችም ይህን አንቀጽ ጠቅሰው መጠየቅ ይችላሉ። ባለሙያ ፍለጋም ሁልጊዜ አዲስ አበባ አማኑኤል ድረስ መሄድ ላያስፈልግ ይችላል፤ ሐረር ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል።

ስያሜው ሲለጠፍ የሚያደርሰውን ጉዳት አሜሪካኖች ቀድመው አይተውታል። እዚያ የወጣቶቹ መመዘኛ ልጁን ወደ አዋቂዎች ፍርድ ቤት ለማዛወር ክርክር ሲቀርብበት ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ሮፐር እና ሲመንስ በተከራከሩበት መዝገብ 18 ሳይሞላው ወንጀል በሠራ ሰው ላይ የሞት ቅጣትን ሲያስቀር፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነበር። ልጁ ያጠፋው በሚያልፍ የልጅነት ጠባይ ይሁን በማይታረም ክፋት፣ መለየት ለሠለጠኑ ባለሙያዎችም ከባድ ነው አለ። እነሱ ከብዷቸው እኛ በፊት አይተን «ለይተናል» ማለታችን ያሳዝነኛል።

«እነዚህ አይድኑም» የሚባለውስ?

ይህ እምነት ለረጅም ጊዜ በባለሙያዎችም ዘንድ ነበር። ዊስኮንሲን በሚባለው የአሜሪካ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1995 የተከፈተው የሜንዶታ የወጣቶች ሕክምና ማዕከል ግን ሌላ ነገር አሳየ። ወደዚያ የሚላኩት የወጣት ማረሚያ ቤቶች ያቃታቸው ልጆች ናቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ልጁ ያጠፋል፣ ይቀጣል፣ ስለተቀጣ ይብሳል፣ ስለባሰ ይበልጥ ይቀጣል። ይህ አዙሪት መሰበር አለበት። ስለዚህ በማዕከሉ የዛሬ ጠባዩ የነገ መብቱን ይወስናል፤ በየቀኑ። ዛሬ ቢሳደብ ነገ ይቀርበታል፤ ነገ ቢያምር ከነገ ወዲያ ያገኛል። ለወራት የሚዘልቅ ቂም የለም። ሠራተኞቹ ልጁ ሲያበሳጫቸውም አይርቁትም። ማዕከሉ ከእነዚያው ከፍተኛ ነጥብ ካላቸው ልጆች ጋር የሠራውን ሲያጠኑ፣ በተለመደው ማረሚያ ቤት የቆዩት ተመሳሳይ ልጆች በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ከባድ ጥቃት የመመለስ ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ።

ተፈጥሮም ቢሆን የማይገፋ ግድግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የጉዲፈቻ ልጆች ጥናት አለ። የወለደቻቸው እናት ከባድ የጠባይ ችግር የነበረባት ሕፃናት በአሳዳጊያቸው ሲመሰገኑና ሲበረታቱ የደነዘዘ ስሜት ምልክታቸው አነሰ። ከዚህ የሚወሰድ ነገር ለቤትም ለማረሚያም አለ። እንዲህ ዓይነት ልጅ ዱላ አይነካውም፤ ሽልማት ግን ይነካዋል። ቃል የገባችሁለትን ዛሬውኑ ፈጽሙ። ያሳመረውን በዚያው ሰዓት ንገሩት። ቅጣት ሲያስፈልግ አጭርና የታወቀ ይሁን፤ ጩኸትና ውርደት አይጨመርበት። ይህ ማባበል አይደለም። በዱላ የተገኘ ነገር ስላልነበረ ነው።

ልጃችሁ እንዲመረመር ከታዘዘ ባለሙያውን የመጠየቅ መብት አላችሁ። በየትኛው ቋንቋ ነው የሚያነጋግሩት? ስንት ጊዜ? ከእኛ ሌላ ማንን ጠየቁ? ሐራራ ላይ አልነበረም? የደረሰበትን በደል ጠይቀውታል? ነጥቡን የሚያወዳድሩት ከየት አገር ልጆች ጋር ነው? ምን ዓይነት እርዳታ ይስማማዋል ይላሉ? በመጨረሻም ሪፖርቱ ላይ ቀን መኖሩን፣ ልጁ ድጋሚ የሚታይበት ጊዜም መጻፉን አረጋግጡ። በ15 ዓመቱ የተጻፈበት ወረቀት 17 ሲሞላው ችሎት ላይ እንደ አዲስ ከቀረበ፣ ጠበቃው ተነስቶ «ድጋሚ ይመርመርልኝ» ማለት ይችላል።